ጠቡ በምን ተነሣ? ባልና ሚስት ለየብቻ ሲጠየቁ

ስለ ባልና ሚስት ጠብ መነሻ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ የተካሄደውን ክር፣ ማለትም ጥያቄና ምላሽ የተከታተለበትን ውይይት፣ የከፈትሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ከዚህ በታች የምተርከውን ሁሉ አንባቢ የአንድ ወገን ቃል አድርጎ ይያዘው።

የመክፈቻው ጽሑፍ ስለ አንድ ቅዳሜ ማታ ነበር። ባለቤቴ ለሳምንቱ የሚሆን እንጀራ እየጋገረች ሳለ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪያችን ሒሳብ አለቀና ቤቱ ጨለመ። ምጣዱ ላይ የተዘረጋው ሊጥ ግማሹ ዓይን አውጥቶ፣ ግማሹ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። እርሷ ማሰሻውን እንደ ያዘች፣ እኔ የስልኬን መብራት እንዳበራሁ፣ ልጆቹ የጓዳው በር ላይ ቆመው እየሰሙን ተጨቃጨቅን። በሦስተኛው ቀን የሠርጋችን አንደኛ ሚዜ የነበረው ጓደኛዬ ነገሩን ሰምቶ መጣና ምክንያቱን ለየብቻችን ጠየቀን። እኔ የቆጣሪው ካርድ ሳይሞላ መቅረቱን ነገርሁት፤ የመሙላቱ ተራ የእርሷ እንደ ነበረም ጨመርሁለት። እርሷ ደግሞ ስለ መብራት አንዲት ቃል ሳታነሣ፣ ከሦስት ወር በፊት ሳላማክራት ለታናሽ ወንድሜ ያበደርሁትን ገንዘብ ነገረችው። ሚዜው የሁለት ቤት ጠብ የሰማ መስሎት ነበር።

ጥያቄዬም ይህ ነበር፦ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ጓዳ፣ በአንድ ምጣድ ዙሪያ የቆሙ ሁለት ሰዎች ስለ ጠባቸው መነሻ የማይገናኝ ነገር የሚናገሩት ለምንድን ነው? ሽማግሌስ የትኛውን ይያዝ? ከጥያቄው ጋር ግምቴንም ጻፍሁ። ሁለታችንም አልዋሸንም፤ ታሪኩን የምንጀምረው ግን እኔ ከመብራቱ መጥፋት፣ እርሷ ከሦስት ወር በፊት ነው አልሁ።

1ኛው ምላሽ የመጣው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ነበር። ጸሐፊዋ ከሰላምታና ከምስጋና በኋላ የወላጆቿን ነገር አወሳች። አባቷ በአርባ ዓመት ትዳራቸው ከባለቤታቸው ጋር ተጣልተው እንደማያውቁ በኩራት ይናገራሉ፤ እናቷ ይህን ሲሰሙ ምንም ሳይመልሱ ቡና መቅዳታቸውን ይቀጥላሉ። ልጂቱ እስከ ዛሬ ማንኛቸውን እንደምታምን እንደማታውቅ ጽፋለች።

የ2ኛው ምላሽ ባለቤት በባንክ የሚሠራ ሰው ነው። የባልና የሚስት ጠብ ሁሉ ሥሩ ገንዘብ ነው፣ ሌላው ሁሉ የገንዘብ ልብስ ነው ብሎ በአራት መስመር ፋይሉን ዘጋ። የእኔንም ጉዳይ ለምስክርነት ጠራው፤ ካርዱም ብድሩም ብር ነውና።

ከ3 እስከ 5 ያሉት ተራ በተራ ተቃወሙት፤ አንዱ አማትን፣ አንዱ ልጅ መቅጣትን፣ ሌላዋ አምሽቶ መግባትንና ስልክን አስቀደመች። ከእነዚህ ውስጥ ልቤ የቀረው በ5ኛው ምላሽ ላይ የተነገረው የዕቁብ ታሪክ ነው። የጸሐፊዋ ጎረቤት ከባሏ ተደብቃ ዕቁብ ትጥል ነበር። ዕጣው ደርሷት ገንዘቡ ሲታወቅ ባልየው ለሽማግሌ ያመለከተው ሚስቴ ምሥጢር ደበቀችኝ ብሎ ነው። እርሷ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ዕቁብ ነግራው እንደ ነበረ፣ ዕጣው በወጣ በሳምንቱ ለዘመድ ሠርግና ለድግስ እንደ አለቀ፣ ሁለተኛውን የደበቀችውም ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደ ሆነ አስረዳች። ያው አንድ ዕቁብ በእርሱ አፍ ክህደት፣ በእርሷ አፍ ቁጠባ ሆነ። ሽማግሌዎቹ ግን ሲከራከሩ ያመሹት ማንኛቸውም ባላነሡት ጉዳይ፣ በገንዘቡ መጠን ላይ ነበር።

በ6ኛው ላይ በዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና የሚያስተምር ሰው ገባና የባንክ ሠራተኛውን በትሕትና አረመ። በአሜሪካ 100 ባልና ሚስቶች ለ15 ቀናት፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ በቤታቸው የተነሣውን ጭቅጭቅ በዕለቱ እንዲመዘግቡ ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። በመዝገቡ ከሁሉ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው የልጆች ጉዳይ ነው፤ የቤት ውስጥ ሥራ ይከተላል፤ ገንዘብ በብዛት ከእነዚህ በታች ነው። ነገር ግን በገንዘብ የተነሡት ጠቦች ከሌሎቹ የከበዱ፣ ደጋግመው የሚመለሱ፣ ለመፍታት ብዙ ቢሞከርም ሳይፈቱ የሚቀሩ ሆነው ተገኝተዋል። ሰው ከዓመት በኋላ በምን እንደሚጣላ ሲጠየቅ የሚመጣለት የከበደው ነው፤ በየማታው ሲመዘግብ ግን የሚጽፈው የበዛውን ነው። ስለዚህ የባንክ ሠራተኛው ብዛትንና ክብደትን አንድ አድርጓል ማለቱ ነበር።

7ኛው ምላሽ የባንክ ሠራተኛው ቁጣ ነው። ጥናቱ የፈረንጅ ነው፣ የቤት ኪራይ ከደመወዝ በሚበልጥበት ከተማ ለሚኖር ሰው አይሠራም አለ። መምህሩ በ9ኛው ላይ ከፊሉን ተቀበለው፤ የተጠኑት ቤተሰቦች ልጆች ያሏቸው በመሆናቸው የልጆች ጉዳይ መቅደሙ እንደማያስደንቅ እርሱ ራሱ ጨመረ። ቁጥሩን ሳይሆን የአጠያየቁን ልዩነት ውሰዱ ሲልም አሳሰበ። ሰው የራሱን ማስረጃ ድክመት ሳይጠየቅ ሲናገር በእንዲህ ያለ መድረክ ብዙ ስለማላይ፣ ከዚያ በኋላ መምህሩን በይበልጥ አመንሁት።

በመካከሉ ያለው 8ኛው ምላሽ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰፈራቸው ሲያስታርቁ የኖሩ አዛውንት ነው፤ የክሩ ግማሽ ያህል ከእሳቸው ጋር ሲነጋገር ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እሳቸው እንደሚሉት ባልና ሚስት መጀመሪያ የሚናገሩት የአደባባይ ምክንያት ነው፤ ለሰው ጆሮ የተሰናዳ፣ ቢነገር የማያሳፍር። እሱን ሰምቶ ተነሥቶ የሚሄድ ሽማግሌ የበላውን እንጀራ እንኳ አልሠራበትም። ሁለተኛው የሚመጣው ሌላስ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። እዚህ ላይ የወንዱና የሴቷ አነጋገር እንደሚለያይ በልምዳቸው አይተዋል። ባልየው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ይሰጣል፤ ያውም ንቀት የሚል። መቼ፣ በምን ተናቅህ ሲባል መልስ ያጥረዋል። ሚስቲቱ ደግሞ ቃል ሳይሆን ቀን ትሰጣለች፤ ሁለተኛ ልጇን በወለደች በስንተኛው ቀን፣ ማን በተገኘበት፣ ምን እንደ ተባለ። ሦስተኛውና ገመና የሚባለው ሌሎቹ ሽማግሎች ጫማቸውን ሲያጠልቁ፣ በር ላይ፣ በዝቅተኛ ድምፅ የሚነገረው ነው፤ እሱም አንዳንዴ ፈጽሞ አይነገርም። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የሚለውን ተረት ሰው እንደሚያዘወትረው ጠቅሰው፣ ባሕሩ አንድ ቢሆንም ቅሉ ሁለት መሆኑን አትርሱ በማለት አበቁ።

በ10ኛው ላይ አንድ ወጣት፣ ችግሩ ሰው ሁሉ ራሱን ማመስገኑ ነው አለና ማስረጃ አመጣ። በካናዳ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት 37 ባልና ሚስቶችን በ20 የቤት ጉዳዮች ላይ ከሥራው ምን ያህሉን አንተ ትሠራለህ፣ አንቺስ ብለው ለየብቻ ጠይቀው ነበር። የሁለቱ መልስ ሲደመር በአብዛኞቹ ጉዳዮች ከመቶ በለጠ። ቁርስ ማሰናዳቱንም ጽዳቱንም እያንዳንዱ ለራሱ አብዝቶ ቆጠረ። መምህሩ በ11ኛው ላይ እንዲህ ሲል አቀናው፦ ከሃያዎቹ ጉዳዮች ውስጥ መልካም ያልሆኑም ነበሩ፤ አንዱም በመካከላችሁ የሚነሣውን ጭቅጭቅ ማን ይጀምራል የሚል ነው። በእንዲህ ያሉትም ላይ ሰው ከድርሻው በላይ ለራሱ ይወስዳል። ራስን ማመስገን ብቻ ቢሆን ኖሮ በጠቡ ላይ ድምሩ ከመቶ ማነስ ነበረበት። ስለዚህ ዋናው ነገር የራሳችን ድርጊት ከሌላው ሰው ድርጊት ይልቅ በቀላሉ ትዝ የሚለን መሆኑ ነው። እዚያው ላይ ሌላ ጥናት ጨመረ፤ ባልና ሚስት ባለፉት 24 ሰዓታት በቤታቸው ምን እንደ ተደረገ ዝርዝር ተሰጥቷቸው ለየብቻ ሲሞሉ፣ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም በሚለው ላይ እንኳ የተስማሙት ከግማሽ በታች ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ነው። የትናንቱ እንዲህ ከሆነ የሦስት ወሩ እንዴት ይሆናል?

እኔም ያን ማታ በቤቴ ሞከርሁት። ከጠባችን ከመቶ ስንቱን አንተ፣ ስንቱን አንቺ ትጀምሪያለሽ የሚል ወረቀት ለሁለታችን አዘጋጀሁ። እኔ 60 ጻፍሁ፤ እርሷ 55። ድምሩ 115 ሲሆን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ቁጥሩ ለምን እንዳስፈለገኝ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ ክሩ ነገርኋት። ይህ ነገር በኋላ ይመለሳል።

12ኛው ምላሽ ከሁሉ አጭር ቢሆንም፣ በእኔ አስተያየት የክሩ ማእከል እሱ ነው። ጸሐፊዋ በሐዋሳ የምትኖር ሴት ስትሆን፣ ሁላችንም ጠብ፣ ጭቅጭቅ፣ ንዝንዝና ኩርፊያ የሚሉትን ቃላት እያቀላቀልን እንደ ሆነ ነገረችን። የእርሷ ባል ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ተጣላችሁ ቢባል አንድ ጊዜ ይላል፤ ድምፁ የተሰማው አንድ ቀን ነውና። እርሷ ግን ከዚያ አንድ ቀን በኋላ ዐሥራ አንድ ቀን መኮረፉን ትቆጥራለች፤ ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ያለ ቃል የወጣባቸውን ጥዋቶች፣ በልጃቸው በኩል ጨው አቀብሉኝ ያስባለበትን እራት። ለእርሱ ዝምታው የጠቡ ማብቂያ ነው፤ ለእርሷ ጠቡ ራሱ ነው። እንዲሁም እርሱ ንዝንዝ የሚለው፣ ለእርሷ መልስ ያላገኘ አንድ ጥያቄ ለአራተኛ ጊዜ መጠየቁ ነው። እኔ በመክፈቻዬ መነሻው ከየት እንደሚጀመር ብቻ አስቤ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች የሚቆጥሩት ነገር ራሱ የተለያየ መሆኑን ግን አላየሁም። መምህሩም ይህን ሲያነብ፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው የሚሸሽበት ሁኔታ በጥናት ደጋግሞ እንደ ታየ አረጋገጠላት። ሴቷ ጠያቂ፣ ወንዱ ሸሺ የመሆኑ ነገርም ለውጥ የፈለገው ማን በመሆኑ ይወሰናል፤ ባልየው የሚፈልገው ጉዳይ ሲነሣ ልዩነቱ ይጠባል ብሏል።

13ኛው ላይ አንድ ሰው የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚፈጀውን ኃይል ማስላት ጀመረ፤ ሁለት ሰዎችም ስለ ጤፍ ዋጋ ተከተሉት። አወያዩ ሦስቱን ወደ ርእሱ መለሳቸው። እኔ ግን ቅር አላለኝም፤ በቤታችንም ጠብ ሲጀመር አንድ ሰው ሁልጊዜ ስለ ጤፍ ዋጋ ይናገራል።

14ኛው ምላሽ ሲነበብ መድረኩ ለጥቂት ሰዓት ጸጥ ብሏል። ጸሐፊዋ በጅዳ በቤት ሠራተኝነት ለዓመታት ሠርታ ወደ ወሎ የተመለሰች ሴት ናት። ደመወዟን በየወሩ ለባሏ ትልክ ነበር፤ ቤት ይሠራበታል ተብሎ። ስትመለስ ያገኘችው መሠረቱ የወጣ፣ ግድግዳው ያልቆመ ቦታ ነው። በሽማግሌ ፊት ባልየው የጠቡ ምክንያት ጠባይዋ ተለውጦ መምጣቱ ነው አለ፤ ሲያናግሯት ቀና ብላ ትመልሳለች፣ እንደ ቀድሞው አይደለችም። እርሷ ብሩን አነሣች። ሽማግሎቹ ብሩ ያለፈ ነገር መሆኑን፣ ጠባዩ ግን የሚስተካከል መሆኑን ተናግረው በእርሱ ምክንያት ላይ እርቅ አወረዱ። ከሁለት ምክንያት አንዱ ሲመረጥ የሚመረጠው እውነተኛው ሳይሆን ለማስታረቅ የሚቀለው እንደ ሆነ ነበር የጻፈችው። አዛውንቱ ወዲያው ባይመልሱም፣ ማንበባቸውን በኋላ አወቅን።

በ15ኛው ላይ ከዋሽንግተን አካባቢ አንዲት እናት የሰሚውን ነገር አነሣች። እርሷ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ፣ ባሏ ቀን ታክሲ ስለሚሠሩ የሚገናኙት ቁልፍ ሲቀባበሉ ነው። አንድ ሰሞን ወደ አገር ቤት በሚላክ ገንዘብ ተጣሉ፤ ለእርሷ ወገን ስንት፣ ለእርሱ ወገን ስንት ተብሎ። ለእናቷ በስልክ ስትናገር ምክንያቱን የእርሱ ድካምና ቁጡነት አደረገችው፤ ገንዘቡን ብታነሣ እናቷ እኔ ነኝ ያጣላኋችሁ ብለው ያለቅሳሉና። ለባሏ ወንድም ስትናገር ደግሞ የሥራ ሰዓቱን አነሣች። ለነፍስ አባቷ ሦስተኛ ነገር ተናገረች። ሦስቱም እውነት ነበሩ፤ የተመረጡት ግን ለሰሚው ነው። 16ኛው ምላሽ ይህን ማስመሰል ብሎ ነቀፈው፤ ሦስት ሰዎች ይሉኝታን ከውሸት ለይ ብለው ተነሡበት፤ እርሱም ተመልሶ አልመጣም።

17ኛው ከአንድ የሕግ ባለሙያ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ምክንያት ከባድና ሌላ ብሎ ይለይ እንደ ነበር፣ ነገሩም በቤተዘመድ ዳኞች ይታይ እንደ ነበር፣ ጥፋተኛ የተባለው ወገን በንብረት ክፍፍሉ ሊቀጣ ይችል እንደ ነበር አስታወሰን። ምክንያት ገንዘብ የሚያስከፍል ሲሆን ሰው ምክንያቱን ማሳመሩ የማይቀር ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን በስምምነት የሚፋቱ ባልና ሚስት ምክንያታቸውን የመግለጽ ግዴታ የለባቸውም ይላል። ፍርድ ቤቱ እንዲያስቡበት ጊዜ ይሰጣቸዋል እንጂ መነሻውን አይመረምርም። ባለሙያው በመክፈቻዬ ያነሣሁት ጥያቄ ሕጉ ሆን ብሎ የተወው ጥያቄ መሆኑን በትንሽ ፈገግታ ያመለከተኝ መሰለኝ። 18ኛው አረመው፤ ይህ የፌዴራል ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ እንጂ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ እንዳላቸው። ባለሙያው አመስግኖ ተቀበለ። የክሩ ጨዋነት የሞላበት ጊዜ እዚህ ላይ አበቃ።

19ኛው ምላሽ የጻፈው ሰው ከመጀመሪያው የተቆጣ ነበር። ሴቶች በሽማግሌ ፊት ታሪክ እንደሚፈጥሩ፣ ወንድ ግን አንድ ቃል የሚናገረው ነገር ማብዛት ስለማይወድ እንደ ሆነ፣ ቀን ቆጥሮ መያዝም ቂም እንጂ ማስረጃ አለመሆኑን ጻፈ።

20ኛዋ በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ስትሆን የመለሰችው ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለእኔም ነው፤ ያውም ሳትለሳልስ። እስከዚያ ድረስ ስለ ባልና ሚስት አዘጋገብ ስንጽፍ ሁለቱ እኩል ነጻ ሆነው የሚናገሩ አስመስለናል አለች። በቡታጅራ አካባቢ የተደረገውና የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመው ጥናት፣ ባል ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች መካከል ከ100 ውስጥ 71 የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው መግለጻቸውን ጠቀሰች። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ስለዚህ ጉዳይ የምትጠየቀው ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ብቻዋን ሆና ነው፤ ሰው ከገባ ጠያቂዋ ታቆማለች። እኛስ? እኛ ባልየውን ከጎኗ አስቀምጠን ምክንያቱ ምንድን ነው እንላታለን። እርሷ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች፤ ሽማግሌው ትሑት ሴት ብሎ ያመሰግናታል፤ ወደ ቤት የምትመለሰው ግን ከሽማግሌው ጋር አይደለም። ጭቅጭቅ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ጊዜ የዱላ ስም እንደ ሆነ በሥራዋ ማየቷን ጽፋ፣ የእኔን የመብራት ታሪክ የታደለ ቤት ታሪክ አለችው። ይህ ቃል ቆነጠጠኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ትክክል ናት፤ ሁለታችንም አልዋሸንም የሚለው ግምቴ የሚሠራው ማንም ማንንም በማይፈራበት ቤት ብቻ ነው።

በ21ኛው ላይ የተቆጣው ሰው ያንኑ አገር አቀፍ ጥናት ይዞ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች ከመቶ 63 ሲሆኑ፣ ወንዶቹ 28 ብቻ ናቸው፤ እንግዲህ ማን ነው ጨካኙ አለ። ቁጥሩ ልክ ነው። የተጠየቁት ምክንያቶችም ወጥ ማሳረር፣ ባልን መከራከር፣ ሳይነግሩ መውጣት፣ ልጆችን ችላ ማለት፣ ግንኙነት እምቢ ማለት ናቸው።

22ኛዋ፣ ቀደም ሲል ስለ ኩርፊያ የጻፈችው የሐዋሳዋ ሴት፣ ከዚያ በፊት አንተ ወንድሜ ትል የነበረችውን ትታ በቀጥታ ተናገረችው። ወንዱ ለጠያቂው የሚመልሰው ምን ቢል እንደማያስነቅፈው አውቆ ነው፤ ሴቷ የምትመልሰው በልጅነቷ የተነገራትን ነው፤ ሁለቱም ስለ ቤታቸው ሳይሆን ስለ ተማሩት ነገር ነው የተናገሩት። የሴቶቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቶ 81 ነበር፤ በዐሥራ አንድ ዓመት ወደ 63 ወርዷል፤ ጭካኔ የተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይወርድም። ለመማታት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው በሠንጠረዥ ውስጥ አይፈልግ ብላ ዘጋችው። አወያዩ ሁለቱንም አስጠነቀቀ፤ በእኔ ግምት አንዱን ብቻ ማስጠንቀቅ ይበቃ ነበር።

በዚህ ግርግር መካከል አዛውንቱ በ23ኛው ተመለሱ። ለነርሷና ከጅዳ ለተመለሰችው ሴት በአንድነት ነበር የጻፉት፤ ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሚስትን ብቻዋን የጠየቁበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር መሆኑን፣ ብቻዋን ማናገር ባልን እንደ መድፈር ይቆጠር ስለ ነበር እንደ ተዉት ጻፉ። በር ላይ በዝቅተኛ ድምፅ የሚነገረው ሦስተኛው ምክንያት ለምን በር ላይ እንደሚነገር እስከ ዛሬ አልጠየቁም ነበር። ሰበብ አልጨመሩበትም።

24ኛው ምላሽ የባለቤቴ ነው።

ከቁጥሩ ጨዋታ በኋላ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባዋለች። ወንድሞቼና እህቶቼ ብላ ጀምራ የመክፈቻ ጽሑፌን በሦስት ነጥብ አረመች። የመጀመሪያው፣ የካርዱ ተራ የእርሷ ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት አስታውሳኝ እሺ ብያለሁ። ይህን ሳነብ እሺ ማለቴ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን በእውነት ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሁለተኛው፣ ከጭቅጭቁ በኋላ ቁልፌን ይዤ ወጥቼ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት መመለሴን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ፤ እርሷ ደግሞ የቀረውን ሊጥ በጎረቤት ምጣድ ጋግራ፣ እንጀራውን በሰፌድ ደርባ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወርዳለች። ለእኔ መውጣቴ ጠቡን ማብረድ ነበር፤ ከሐዋሳዋ ሴት ባል በምንም አልተሻልሁም።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነው። የጠቡ ምክንያት ብድሩ አልነበረም። የወንድሜ ሚስት በአንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስለ ገንዘቡ ባለቤቴን አመስግናታለች። ባለቤቴ ስለ ብድሩ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። እንደምታውቅ ሆና ምንም አይደለም ብላ መለሰች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴቶች ግን ፊቷን አይተዋል። ብሩን ብነግራት ኖሮ ከእኔ እጥፍ ትሰጥ እንደ ነበር፣ ያቃጠላት በራሷ ቤት ጉዳይ እንግዳ ሆና መገኘቷ እንደ ሆነ ጻፈች። ይህን ለሚዜው ያልነገረችው ሚዜው የወንድሜም ጓደኛ ስለ ሆነ ነው፤ ለእኔ ያልነገረችኝ ደግሞ ያን ማታ ልትነግረኝ ስትጀምር መብራቱ ስለ ጠፋ ነው።

አዛውንቱ በ25ኛው ላይ በአንድ መስመር፣ ሌላስ ብዬ ብጠይቅ ይህን እንኳ አላገኝም ነበር አሉ። የባንክ ሠራተኛው ምንም አልጻፈም።

እኔ የመክፈቻውን ጽሑፍ ላስተካክል ሞከርሁ፤ የማረሚያው ጊዜ አልፎ ስለ ነበር መድረኩ አልፈቀደልኝም። የእኔ ቃል እላይ፣ የእርሷ ቃል 24ኛ ተራ ላይ ቀረ። 26ኛው ምላሽ የመጣው በማግስቱ፣ ከዚህ በፊት ካልጻፈ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጠብ እንዳይደገም በቆጣሪው ካርድ ላይ ሁልጊዜ የመጠባበቂያ ሒሳብ እንድንተው መክሮናል።